ስምሪቱን ሒሳብ ሲያወጣው

በአንድ መስመር ላይ በሰዓት ስድስት አውቶቡሶች ያልፋሉ እንበል። በየ10 ደቂቃው አንድ ማለት ነው። ሰዓት ሳይመርጥ ፌርማታ የሚደርስ ሰው በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። አሁን እነዚያው ስድስት አውቶቡሶች ሁለት ሁለት ሆነው ተከታትለው ይምጡ። በሰዓት ያው ስድስት ናቸው፤ ጥንዶቹ የሚመጡት ግን በየ20 ደቂቃው ነው። አማካይ ጥበቃው 10 ደቂቃ ሆነ። ሦስት ሦስት ሆነው ከመጡ 15 ደቂቃ ይሆናል። ነዳጁ ያው ነው፣ ሹፌሩም ያው ነው። ተሳፋሪው ግን ሦስት እጥፍ ቆመ።

የሕዝብ ትራንስፖርት ችግር ሲነሳ ወሬው ሁሌም ቁጥር ላይ ነው። ስንት አውቶቡስ ተገዛ? ስንትስ ሊገባ ነው? እጥረቱ እውነት ነው፣ ማንም አይክደውም። ያለው እንዴት ተሰማራ የሚለው ጥያቄ ግን ሪባን የሚቆረጥለት ስላልሆነ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

አውቶቡሶች ተያይዘው የሚመጡት ሹፌሮቹ ተማክረው አይደለም። አንዱ መብራት ላይ ሁለት ደቂቃ ይዘገያል። በዚያች ሁለት ደቂቃ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ሰው ይጨመራል። ያን ሁሉ ለመጫን ጊዜ ይፈጃልና የበለጠ ይዘገያል። ከኋላው ያለው ደግሞ ፌርማታው ተጠርጎ ያገኘዋል፤ ጥቂት ሰው ጭኖ ይፈተለካል። ብዙም ሳይቆይ ይደርስበታል። መድኃኒቱ ተሳፋሪን የሚያናድድ ነው፦ ከኋላ ያለውን አውቶቡስ ሆን ብሎ ፌርማታ ላይ ማቆየት። የት ፌርማታ ላይ? ስንት ደቂቃ? ይህን በግምት መወሰን አይቻልም። የሚሰላ ነገር ነው።

ኦፕቲማይዜሽን የሚባለው የሒሳብ ዘርፍ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። በመጀመሪያ በእጃችን ያለው ውሳኔ ምን እንደሆነ ይጠይቃል፦ የትኛው መኪና፣ የት፣ ስንት ሰዓት። ቀጥሎ የማይጣሱ ገደቦችን ይጠይቃል፦ የመኪናው ብዛት፣ የሹፌሩ የሥራ ሰዓት፣ ጋራዡ። በመጨረሻም ምን እንዲያንስ ወይም ምን እንዲበዛ እንደምንፈልግ ይጠይቃል። ከዚያ ገደቡን ከሚያከብሩት አማራጮች ሁሉ የተሻለውን ይፈልጋል።

ዘርፉ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። አሜሪካዊው ጆርጅ ዳንትዚግ እ.ኤ.አ. በ1947 ሲምፕሌክስ የተባለውን ዘዴ ያወጣው ለአሜሪካ አየር ኃይል በዕቅድ ሥራ ላይ እያለ ነው። በ1959 ደግሞ ከጆን ራምዘር ጋር ሆኖ ሌላ ጥያቄ አነሳ፦ ቤንዚን የሚያከፋፍሉ ቦቴዎች የትኛውን ማደያ በየትኛው ቅደም ተከተል ያዳርሱ? የዛሬዎቹ የስምሪት ሶፍትዌሮች ሥር እዚያ ጥያቄ ላይ ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። አንድ ሰርቪስ 10 ቦታ ቆሞ ልጆች የሚያነሳ ከሆነ ቅደም ተከተሉን በ3,628,800 መንገድ መደርደር ይቻላል። 15 ቦታ ከሆነ ከ1.3 ትሪሊዮን ያልፋል። ይህ እንግዲህ ለአንድ መኪና ብቻ ነው። ኮምፒውተርም ቢሆን አንድ በአንድ እየቆጠረ አይዘልቀውም። ጥበቡ ያለው ሳይቆጥሩ መጣሉ ላይ ነው። ሒሳቡ አንድ የአማራጭ ጎራ በሙሉ እስካሁን ከተገኘው ሊሻል እንደማይችል ያረጋግጥና ውስጡን ሳያይ ያልፈዋል።

ይህ ሒሳብ ምን እንደሚችልና የት እንደሚንገዳገድ ለማየት ከአሜሪካዋ ቦስተን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የከተማዋ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለተማሪ ማመላለሻ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጡ ነበር። ከ200 በላይ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ አውቶቡሶቹ ደግሞ ወደ 650 ይጠጋሉ። መስመሩን የሚያወጡት ባለሙያዎች በየዓመቱ ሳምንታት ይፈጅባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ትምህርት ቤቶቹ ውድድር አወጡ። ያሸነፈው ኤምአይቲ ከተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የተመራማሪዎች ቡድን ነው። አልጎሪዝሙ የሁሉንም አውቶቡስ መስመር በግማሽ ሰዓት ገደማ አወጣ። በቀጣዩ የትምህርት ዘመን 50 አውቶቡሶች ከመንገድ ወጡ፤ 5 ሚሊዮን ዶላር ያህልም ተረፈ። ተማሪ ግን አልቀረም። እስከዚህ ድረስ ሁሉም አጨበጨበ።

ቀጥሎ የመጣው የደወል ሰዓት ነው። አንድ አውቶቡስ በአንድ ጠዋት ሁለት ሦስት ትምህርት ቤት ሊያገለግል ይችላል፤ ትምህርት ቤቶቹ የሚከፈቱት በተለያየ ሰዓት ከሆነ ነው እንጂ። ስለዚህ የመግቢያ ሰዓቱ ራሱ ለሒሳቡ ውሳኔ ሆኖ ቀረበ። ሌላም ጥሩ ዓላማ ነበረበት። በአፍላ ዕድሜ ያሉ ልጆች እንቅልፋቸው ዘግይቶ ስለሚመጣ በጣም ማልዶ ትምህርት መጀመር እንደሚጎዳቸው የሕክምና ባለሙያዎች ይናገራሉ። በነባሩ አሠራር ደግሞ ምቹ ሰዓት የደረሳቸው በአብዛኛው ነጭ ተማሪዎች የሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ። አልጎሪዝሙ ገንዘብ እንዲቆጥብ፣ ትልልቆቹን እንዲያስተኛ፣ ምቹውን ሰዓት በፍትሕ እንዲያከፋፍል ታዘዘ። ሁሉንም አደረገ።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 መጀመሪያ ዕቅዱ ሲወጣ ከትምህርት ቤቶቹ 84 በመቶ የሚሆኑት ሰዓታቸው ተቀይሯል። አንዳንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1፡15 ገብተው 7፡15 ሊወጡ ነው። ወላጅ በቁጣ ነደደ። የስድስት ዓመት ልጅ ከሰዓት 7፡15 ላይ ማን ይቀበለዋል? ሥራ ፈቃድ ጠይቆ መውጣት የማይችለው የቀን ሠራተኛ ምን ያድርግ? ተቃውሞው በረታና ዕቅዱ በዚያው ወር ውስጥ ተነሳ።

ብዙዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ «አልጎሪዝሙ ወደቀ» ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። አልጎሪዝሙ የተባለውን በትክክል ፈጸመ። ያልተባለው ነገር ግን ነበር፦ ሰው ሕይወቱን የገነባው ባለው ሰዓት ላይ ስለሆነ ለውጡ በራሱ ዋጋ አለው። «ከአሁኑ ሰዓት ብዙ አትራቅ» የሚል ገደብ ማስገባት ለሒሳቡ ከባድ አይደለም። ቁጠባው ይቀንሳል፣ ፍትሑም ቀስ ብሎ ይመጣል። ምን ያህል እንደሚቀንስ አስልቶ ለወላጆች ማሳየትና መምረጥ ይቻል ነበር። ሌላም የሚያስቆጭ ነገር አለ። በይበልጥ ጮኾ የተደመጠው በነባሩ ሰዓት የተጠቀመው ወገን ነው። ለዓመታት መጥፎው ሰዓት የደረሰው ወላጅ ድምፅ ያን ያህል አልተሰማም።

ኔዘርላንድስ ተመሳሳይ ነገር ቀደም ብላ አይታለች። እዚያ የተቆጡት ወላጆች ሳይሆኑ የባቡር ሠራተኞች ነበሩ። የአገሪቱ ባቡር ድርጅት መዘግየት እንዳይዛመት ብሎ ሠራተኞች በጥቂት መስመሮች ላይ ብቻ እንዲመላለሱ የሚያደርግ አሠራር አመጣ። በወረቀት ላይ ሲታይ ምክንያታዊ ነው። ሠራተኛው ግን ቀኑን ሙሉ ያንኑ መንገድ መመላለሱ አንገፈገፈው፤ «ቤተ ክርስቲያን መዞር» ብሎ ቀለደበት። እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ማቆም አድማዎች ተከተሉ። መፍትሔው የመጣው ቅሬታውን ወደ ቀመር በመቀየር ነው። ጣፋጩንና መራራውን መካፈል የሚል ትርጉም ያለው ደንብ ወጣ። ደስ የሚለው መስመርም፣ ረባሽ የሚበዛበት ያረጀ ባቡርም በየዴፖው በፍትሕ እንዲዳረስ ተደነገገ። ሶፍትዌሩ ያን እንደ ገደብ ይዞ ድልድሉን አወጣ። ሠራተኛውም ተቀበለው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 ድርጅቱ የአገሪቱን የባቡር ሰዓት ሰሌዳ ከሥሩ አዲስ አድርጎ ሠራ። ሰሌዳው፣ የባቡሮቹ ምደባ፣ የሠራተኛው ድልድል በሒሳብ ሞዴል የተሠሩ ናቸው። ድርጅቱ በዓመት 40 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ተጨማሪ ትርፍ እንዳስገኘለት ገለጸ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2008 በዘርፉ ትልቁ የሆነውን የፍራንዝ ኤደልማን ሽልማት አግኝቷል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንግባ። ምን ይነስ? «አማካይ የጥበቃ ጊዜ» ቢባል የሚቃወም ያለ አይመስልም። በሚከተለው ምሳሌ እንየው፤ ቁጥሩ የእኔ ፈጠራ ነው። ከከተማ ዳር ካለ ሰፈር መስመር አንድ አውቶቡስ ነቅለን መሐል ከተማ ባለ ትልቅ መስመር ላይ እንጨምር። ትልቁ መስመር ላይ 300 ሰው እያንዳንዱ 2 ደቂቃ ያተርፋል፤ በድምሩ 600 ደቂቃ። ዳር ያሉት 40 ሰዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው 12 ደቂቃ ይጨመርባቸዋል፤ በድምሩ 480 ደቂቃ። አማካዩን አሳንስ የተባለ ሒሳብ ያለ ምንም ማመንታት አውቶቡሱን ይነቅለዋል። ሁለት ደቂቃ ያተረፈው ሰው ማትረፉን እንኳ ላያውቅ ይችላል። አሥራ ሁለት ደቂቃ የተጨመረበት ግን በደንብ ያውቃል።

መፍትሔው ሒሳቡን መጣል አይደለም። «ማንም ከ20 ደቂቃ በላይ አይጠብቅ» የሚል ገደብ ይጨመርና እንደገና ይሰላ። ውጤቱ ይቀየራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም የዚያ ገደብ ዋጋ ነው። የኦፕቲማይዜሽን ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይሄ ነው። ስብሰባ ላይ «ፍትሐዊ ተደራሽነት» ማለት ምንም አያስከፍልም። ሞዴሉ ግን ስንት አውቶቡስ እንደሚፈጅና ማን ስንት ደቂቃ እንደሚከፍልበት ይናገራል። በቴክሳስ የምትገኘው ሂውስተን ይህን በግልጽ አድርጋዋለች። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015 የአውቶቡስ መስመሮቿን በአንድ ሌሊት ስትቀይር ከዚያ በፊት የትራንስፖርት ድርጅቷ ቦርድ ውሳኔ ሰጥቶ ነበር፦ ከሀብቱ 80 በመቶ ብዙ ሰው ለሚያጓጉዙ መስመሮች፣ 20 በመቶ ደግሞ ሰው ቢያንስም መቅረት ለሌለባቸው አካባቢዎች። ዕቅድ አውጪዎቹ ሥራቸውን የሠሩት በዚያ ማዕቀፍ ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ ይዘን አዲስ አበባ ስንገባ ነገሩ ይለወጣል። እዚህ አብዛኛውን ስምሪት የሚወስነው አንድ ማዕከል አይደለም። የከተማ አውቶቡሶቹ የራሳቸው ድልድል አላቸው። የሚኒባስ ታክሲው ግን ታፔላ ቢሰጠውም በተግባር እያንዳንዱ ሹፌር የራሱን ስሌት ይሠራል። ስሌቱም ስህተት አይደለም። ለባለንብረቱ የሚገባ የቀን ገቢ አለበት። ነዳጅ አለ። የረዳቱም ድርሻ አለ። ስለዚህ ሳይሞላ አይነሳም።

ሳይሞሉ አለመነሳት በሒሳብ ሲታይ ምን ይመስላል? 12 ሰው የሚጭን መኪና ተራ ላይ ቆሟል፤ ሰው በደቂቃ አንድ ይመጣል። የመጀመሪያው ተሳፋሪ ውስጥ ተቀምጦ 11 ደቂቃ ይጠብቃል። ይህ የሚታየው ጥበቃ ነው። የማይታየው መንገድ መሐል ያለው ነው። መኪናው ሞልቶ ስለወጣ አንድ ሰው እስካልወረደ ድረስ መሐል ላይ ለቆመው ቦታ የለውም። እሱ ያለው አማራጭ ወደ ኋላ በእግሩ ሄዶ መነሻው ላይ መሰለፍ ነው። ጠዋት ጠዋት ከቤታቸው ተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ ሰዎች የሚታዩት ለዚህ ነው። መኪናው በኪሎ ሜትር ብዙ ሰው አጓጓዘ፣ በሹፌሩ ዓይን ቀልጣፋ ነው። የከተማው ሰው ጊዜ ቢደመር ግን ሌላ ሥዕል ይወጣል።

ቆርጦ መጫንም እንዲሁ ነው። ታፔላው ሙሉውን መንገድ ይላል፤ በሥራ መውጫ ሰዓት መኪናው ግማሽ መንገድ ላይ ያራግፋል። ምክንያቱ ታሪፉ ውስጥ አለ። ታሪፍ በርቀት እርከን ሲወጣ ሁለት አጫጭር ጉዞ ከአንድ ረጅም ጉዞ የበለጠ ይከፍላል። ተሳፋሪው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፣ ሁለት ጊዜም ይሰለፋል። የተለመደው ምላሽ ተቆጣጣሪ ማሰማራትና መቅጣት ነው። ተቆጣጣሪው ሲሄድ ነገሩ ይመለሳል። በሒሳብ ዓይን ግን ይህ የታሪፍ ችግር ነው፦ ቆርጦ የሚጭን ሹፌር ምንም እንዳያተርፍ ተደርጎ የእርከኖቹ ዋጋ ሊሰላ ይችላል። ስንቱን ተቆጣጣሪ ደሞዝ እንደሚያስቀር አስቡት።

ቀላል ባቡሩ ላይ ደግሞ ጥያቄው ለሒሳብ የተሠራ ይመስላል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሁለተኛው መስመር ጥቂት ቆይቶ ተከተለ። አንዱ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ነው። ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። እያንዳንዱ መስመር በየ6 ደቂቃ ባቡር ቢያሰማራ በጋራው ሐዲድ ላይ በየአቅጣጫው በየ3 ደቂቃው አንድ ባቡር ያልፋል። ይህ የሚሠራው የአንዱ መስመር ባቡር በሌላው መስመር ባቡሮች መሐል ላይ በትክክል ከገባ ብቻ ነው። ቃሊቲ ላይ የተፈጠረ መዘግየት አያት ድረስ ይደርሳል ማለት ነው።

መጀመሪያ የተገዙት ባቡሮች 41 ነበሩ። ከዓመታት በኋላ በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ቆሙ። ይህን የሚፈታ ቀመር የለም፤ መለዋወጫ መለዋወጫ ነው። የቀሩት እንዴት ይሂዱ የሚለው ግን ይሰላል። ዞሮ ለመመለስ 2 ሰዓት የሚፈጅ መስመር ላይ 12 ባቡር ካለ በየ10 ደቂቃው፣ 8 ከሆነ በየ15 ደቂቃው ማድረስ ይቻላል። 8ቱ ካልተመጣጠኑ ግን ተሳፋሪው የሚያገኘው የ15 ደቂቃ አገልግሎት አይሆንም፤ አንዴ 5፣ አንዴ 25 ደቂቃ ይሆናል። በርሊን የምድር ውስጥ ባቡሯን ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 በሒሳብ ሞዴል ስታወጣ በመቀየሪያ ጣቢያዎችም ሆነ በመቆሚያዎች ላይ ጥበቃው አጠረ፤ የሚያስፈልገው ባቡርም በአንድ ቀነሰ። ሐዲድ አልተጨመረም። ፍጥነትም አልተጨመረም። የደቂቃዎች አደራደር ብቻ ነው የተቀየረው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ሙግት «ለእኛ አገር ዳታ የለም» የሚል ነው። ናይሮቢም አልነበራትም። ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶቿ መስመሮች በሹፌሩና በረዳቱ ጭንቅላት ውስጥ ነበሩ። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ከኤምአይቲና ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ተማሪዎችን ስልክ አስይዞ በማታቱ አሳፈረ። ስልኩ መንገዱንና መቆሚያውን መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2014 ካርታው ለሕዝብ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ጎግል ማፕ ላይ ገባ። ባለሥልጣን ከመዘዘው መዝገብ ሳይሆን መንገድ ላይ ካለው እውነታ የተነሳ ካርታ ነው።

ካርታ ግን ግማሹ ነው። መስመሩ የት እንደሚያልፍ ይነግረናል፤ ሰው ስንት ሰዓት የት ቆሞ እንደቀረ አይነግረንም። የተቆረጠው ቲኬት የሚያሳየው የተሳፈረውን ነው። ተስፋ ቆርጦ በእግሩ የሄደው በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። በተሳፋሪ ቁጥር ብቻ የሚመገብ ሞዴል አውቶቡስን የሚመድበው አውቶቡስ ላለበት መስመር ነው። ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ካሉት አዳዲስ ኮንዶሚኒየሞች የሚወጣው ሰው ከመኪናው ብዛት በላይ ከሆነ የቲኬቱ ቁጥር መኪናው ሞልቷል ከማለት ያለፈ ነገር አይናገርም። ከኋላው 50 ሰው ይቅር 200፣ ለቲኬቱ አንድ ነው። ሰልፉን መቁጠር የግድ ነው።

ለዚህ ለመጀመሪያው እርምጃ ደግሞ ሶፍትዌርም ሆነ የውጭ አማካሪ አያስፈልግም። በየተራው ላይ ተራ አስከባሪ አለ። መኪና በተነሳ ቁጥር ሰዓቱንና በሰልፉ ላይ የቀረውን ሰው ብዛት ስልኩ ላይ ቢመዘግብ፣ ለመዘገበበትም ቢከፈለው፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መገናኛና ሜክሲኮ በየትኛው ሰዓት ስንት ሰው እንደሚያስቀሩ ይታወቃል። የስምሪት ሞዴል የሚጀምረው ከዚያ ሠንጠረዥ ነው።